ወንበሩ ባዶ ቢሆንስ? በስልክ ፊት ቴአትር ለመሥራት ለምታስቡ

ባለፈው መስከረም ከአንድ የድሮ ባልደረባዬ ጋር ቡና ስንጠጣ ሲኒውን አስቀመጠና «እንግዲህ አንቺም የቲክቶክ ሆነሽ ቀረሽ» አለኝ። በአንድ ቴአትር ቤት 22 ዓመት የመድረክ መሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። መጋረጃ አስከፍቻለሁ፤ ጺሙ የተላቀቀበትን ንጉሥ በሙጫ ለጥፌ ወደ መድረክ ገፍትሬያለሁ፤ መብራት ሲሄድ ሁለት ፋኖስ አስይዤ ሦስተኛውን ገቢር አስጨርሻለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራት ወጣቶች ጋር በስልክ ቀጥታ ሥርጭት ተውኔት እሠራለሁ። ባልደረባዬ ይህ ቴአትር አይደለም ብሎ ቆርጧል። ልጆቹ በበኩላቸው ካሜራ ፊት የተንቀሳቀሰ ሁሉ ቴአትር ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች አድክመውኛል። ክርክሩን ለቡና ቤት ትቼ፣ አንድን ሥራ ቴአትር ነው ወይም አይደለም የምልበትን መለኪያ፣ ካልሆነም ወደዚያ የማመጣበትን መንገድ እዚህ አስቀምጣለሁ።

ስትመዝኑ መጀመሪያ ሕንፃውን ከሐሳባችሁ አውጡት። «ቴአትር ልንሄድ ነው» ስንል ቤቱንም ሥራውንም በአንድ ቃል ስለምንጠራ፣ ወንበርና መጋረጃ ከሌለ ነገሩ ጎዶሎ ይመስለናል። ነገር ግን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የታየው በሆቴል ውስጥ ነው። ሰውየው ሩሲያ ተምረው የተመለሱ ናቸው። እንደሚተረከው፣ ቴአትር ተብሎ የተጠሩበት ዝግጅት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆኖ ቢያገኙት ነው ትክክለኛውን አሳያለሁ ብለው ብዕር ያነሡት። በአውሬዎች አፍ የአስተዳደሩን ብልሹነት ተናገሩ፤ ቤተ መንግሥቱ አልወደደውም፣ ታገደ። ሀገር ፍቅር የተመሠረተው ከዚያ በኋላ በ1927 ዓ.ም. ነው፤ የብሔራዊ ቴአትር ሕንፃ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም.። ስለዚህ «ይህ ቴአትር ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ጭቅጭቅ ከቴአትር ቤቶቻችን ሁሉ በዕድሜ ታላቅ ነው።

ሕንፃው ሲወጣ እኔ ዘንድ የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ የወንበር ጥያቄ እለዋለሁ። ወንበሩ ባዶ ቢሆን ሥራው ይለወጥ ነበር?

እንግሊዛዊው አዘጋጅ ፒተር ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ መክፈቻ ላይ፣ አንድ ሰው ባዶ ቦታ አቋርጦ ሲሄድ ሌላ ሰው ከተመለከተው ለቴአትር ይበቃል ብሏል። ከአራቱ ወጣቶች መካከል ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ያጠኑት ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግሙታል። ብሩክ ይህን ሲጽፍ ግን ተመልካቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ቢያስል ተራማጁ ይሰማዋል፣ ተነሥቶ ቢወጣ ያየዋል። ዛሬ ተራማጁ ትናንት ተራምዶ ጨርሷል፤ ተመልካቹ ዛሬ ማታ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ያየዋል። መታየት ብቻውን መለኪያ ከሆነ ቴአትር ያልሆነ ነገር ሊጠፋ ነው። ስለዚህ በብሩክ ላይ ግማሽ ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ፦ የተመልካቹ ዓይን ተራማጁ ዘንድ መድረስ አለበት።

አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል። አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቆም ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ሲያሻው ጠምዝዞ በሰጪው ላይ ያዞረዋል። ያ ሰው ያን ምሽት ቤቱ ቢቀር ኖሮ ያ ግጥም አይወለድም ነበር።

በዚህ ስትመዝኑ ብዙው ነገር ወዲያው ይለያል። ተቀርጾ፣ ተቆርጦ፣ ሙዚቃ ገብቶለት የሚለጠፍ ጭውውት የፊልም ዘመድ ነው። ይህን ስል ማናናቄ አይደለም፤ ከእነዚህ መካከል ከብዙ የመድረክ ሥራ የበለጠ ትወና አይቻለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ሰው አየው መቶ ሺህ ሰው፣ ያው ነው። የመድረክ ተውኔት ተቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣም እንደዚሁ፤ የሠርግ ቪዲዮ ሠርግ እንደማይሆነው ማለት ነው። ቀጥታ መሆንም ለብቻው አያድነውም። እ.ኤ.አ. በ1881 ፓሪስ ውስጥ ክሌማን አዴር የተባለ መሐንዲስ የኦፔራ ቤቱን መድረክ በስልክ ሽቦ ከኤግዚቢሽን አዳራሽ ጋር አገናኝቶት ነበር፤ ሰዎች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዘፈኑን በዚያው ቅጽበት ሰሙ። ዘፋኞቹ ግን እነሱን አልሰሟቸውም። ዛሬ ብዙው ቀጥታ ሥርጭት ከዚህ ፈቅ አላለም።

ስለ ፕራንክ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። መንገድ ላይ ሰው አስደንግጦ መቅረጽ የወንበር ጥያቄን ያልፋል፤ ተጎጂው ባይኖር ምንም የለም። ግን ቴአትር ሁለቱም ወገኖች ጨዋታ መሆኑን ማወቃቸውን ይፈልጋል። እዚህ ላይ ብራዚላዊውን አውግስቶ ቦአልን የሚያነሣብኝ አይጠፋም፤ እሱ ተዋናዮቹን በምግብ ቤት አስገብቶ፣ ተመጋቢው ተውኔት መሆኑን ሳያውቅ ስለ ደመወዝና ስለ ኑሮ ያከራክር ነበር። ልክ ነው፣ አደረገው። ሰውን ለማወያየት ነበር እንጂ የደነገጠ ሴት ፊት ለመሸጥ አልነበረም። ለዚህ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንም።

የሙከራ ቴአትር የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ ራሴም ተሳስቻለሁ። አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ወጣት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሽንኩርት ሲልጥ ሊያሳየን ጠራን። አንድ ቃል አልተናገረም። አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሰዓቴን ማየት ጀመርኩ፤ ወደ ቤት የሚወስደኝ ታክሲ አሳሰበኝ። ልጁ ድንገት ሁለተኛውን ቢላዋ አነሣና፣ እጀታውን ወደ ተመልካች አዙሮ ያዘ። ማንም አልተነሣም። እጁ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ ያዘው። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ተነሥታ ተቀበለችው፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ መላጥ ጀመረች። እሱም ሌላ ቢላዋ አነሣ። በ40ኛው ደቂቃ ሰባት ሰው ሽንኩርት እየላጠ፣ ሰባቱም እንባቸውን በክርናቸው እየጠረጉ ነበር፤ ከሰባቱ አንዷ እኔ ነኝ። ማንም ባይነሣ ኖሮ ምን ልታደርግ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። «እጄ እስኪዝል ይዤ እወድቅ ነበር» አለኝ። ይህ ቴአትር ነው። እየከነከነኝም ቢሆን አምናለሁ። ሽንኩርቱ ወጥ ተሠርቶበት በላን፤ ወጡ ግን ጨው በዝቶበት ነበር።

አሁን ወደ ሥራው።

ስልኩ በታሪኩ ውስጥ ምን ይሠራል?

ከጀማሪ የማየው ትልቁ ስሕተት ለመድረክ የተጻፈ ተውኔት አንሥቶ ስልክ ፊት መቆም ነው። ካባ የለበሰ ንጉሥ መዳፍ በምታክል ስክሪን ውስጥ ሲያጓራ ተመልካች አውራ ጣቱን አንሥቶ ያልፋል፤ አይፈረድበትም። ስልኩ በታሪኩ ውስጥ ሥራ ይኑረው። እኛ የጻፍነው እናትና ልጅ ናቸው። ልጅቷ ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች፣ እናቷ ደብረ ብርሃን ናት፤ በቪዲዮ ይደዋወላሉ። ተመልካቹ የሚያየው ልጅቷ የምታየውን ነው፦ የእናቷን ፊት። የልጅቷ ድምፅ ብቻ ከካሜራው ጀርባ ይሰማል። ስለዚህ ስልኩን የያዘ ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ በልጅቷ ቦታ ተቀምጧል። ለዚህ ጌጥ አያስፈልግም፤ መጋረጃና ሶፋ ከመድረኩ ላይ ያወረድነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። የድሮው በልሃ ልበልሃ ሙግት ከነውርርዱ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ሁለት ጎረቤቶች ስለ አጥር ይከራከሩ፣ ማርና በቅሎ ይወራረዱ፣ ዳኛው ተመልካች ይሁን። ይህን ለክረምት ይዘነዋል።

ጽሑፉ ምን ያህል ይታሰር የሚለው ላይ ከልጆቹ ጋር ተጨቃጭቀናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የእንግሊዙ ሮያል ሼክስፒር ኩባንያ የሮሚዮና ጁልየትን ታሪክ ወደ ዘመናችን አምጥቶ ለአምስት ሳምንታት በትዊተር ተጫውቶት ነበር፤ ተዋናዮቹ በተነደፈላቸው የታሪክ መስመር ላይ ሆነው መልእክቶቹን እንደ ገጸ ባሕርያቸው ራሳቸው ይጽፉ ነበር። ልጆቹ እንደዚያ ልቅ ይሁን አሉ። እኔ ልቅ ነገር ያስፈራኛል፤ ተዋናይ መድረሻው ሲጠፋው መሬት መሬት ማየት እንደሚጀምር አውቃለሁ። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ 25 ደቂቃው ቃል በቃል ይጻፋል፣ በውስጡ ግን አምስት በሮች ይተዋሉ። በር የምንለው ተመልካች ሊገባበት የሚችል ቦታ ነው፤ እናትየዋ ጥያቄ ትጠይቅና ዝም ትላለች። አስተያየት ከመጣ ትቀበላለች፤ ካልመጣ ወደሚቀጥለው ቃለ ተውኔት ትሻገራለች። እናንተም በሮቻችሁን ጽሑፉ ላይ በቀይ ምልክት አድርጉ። ከአምስት አታብዙ፤ ሲበዛ ጨዋታው የጥያቄና መልስ ዝግጅት ይሆናል።

ክፍሉና ስልኩ

እናትየዋን የምትጫወተው ልጅ 26 ዓመቷ ነው። ለመድረክ ቢሆን ግንባሯ ላይ መስመር ሥለን ጸጉሯን ዱቄት እናለብሰው ነበር። ካሜራ በዚያ ርቀት ቅቡን ያጋልጣል፤ አንድ ጊዜ ሞክረን ቆሻሻ መሰለ። ሻሽና ነጠላ በቃት። ዕድሜዋን ያገኘነው በስልኩ አያያዝ ነው። እናቶቻችን በቪዲዮ ሲያወሩ እንዴት እንደሚይዙት ታውቃላችሁ፦ ግንባራቸውና ጣሪያው ብቻ ነው የሚታየው። ተዋናይዋ ስልኩን በእጇ ይዛ እንደዚያ ስታደርግ ሁላችንም ሳቅን፣ ከዚያ አንዱ ልጅ መሳቁን አቁሞ ወደ ውጭ ወጣ። እናቱን ካያት ሦስት ዓመቱ ነበር።

ድምፅ ላይ የመድረክ ልማዳችሁን እርሱት። እኔ ተዋናይን «የኋላው ወንበር አልሰማሽም!» እያልኩ ኖሬያለሁ፤ እዚህ የኋላው ወንበር አፍንጫዋ ሥር ነው። ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ግዙ ወይም ተዋሱ፣ ነጠላው እንዳይነካው ግን ተጠንቀቁ፤ መንኳኳቱ እንደ ነጎድጓድ ይሰማል። ክፍሉ ካስተጋባ ብርድ ልብስ በግድግዳው ላይ ስቀሉ። መብራት የሚሄድባት ከተማ ውስጥ ስላለን በባትሪ የሚሠራ መብራትና የተሞላ ፓወር ባንክ ከዝግጅቱ አንድ ሰዓት በፊት አጠገባችሁ ይሁኑ።

ሥርጭቱ የሚወጣበት ስልክ ሲም ካርድ አይኑረው። ኢንተርኔቱን ከሌላ ስልክ በሆትስፖት ስጡት። ይህን የተማርነው በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። እናትየዋ «ልጄ፣ ፊትሽ ከሳብኝ» ባለችበት ቅጽበት የተዋናይዋ የራሷ እናት ደወሉ። ስክሪኑ ላይ «እማዬ» የሚል ስም ተጻፈ፣ ሥርጭቱ ተቋረጠ። ተመልካቾች ሆን ብለን ያደረግነው መስሏቸው «ይህችማ ድንቅ ናት» ብለው ጻፉ። ተዋናይዋ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ስልኩን አነሣችና «እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለች።

መዘግየቱንም ለኩት። ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ካሜራው ፊት አስቀምጡ፣ በሌላ ስልክ ሥርጭቱን ክፈቱ፣ ልዩነቱን አንብቡ። የእኛ 7 ሰከንድ ነበር። ተዋናይዋ የተናገረችው ከ7 ሰከንድ በኋላ ደርሷቸው፣ አስበው፣ ጽፈው እስኪመለስ ግማሽ ደቂቃ ይሄዳል። ይህን ያላወቀ ተዋናይ በሩን ከፍቶ ወዲያው ይዘጋዋል፤ መልሱ ሲመጣ ታሪኩ ሌላ ቦታ ደርሷል። እኛ መዘግየቱን ወደ ታሪኩ አስገባነው፤ እናትየዋ «ሰማሽኝ ወይ? ኧረ ይህ ስልክ!» እያለች ጊዜ ትገዛለች። ከባሕር ማዶ ጋር የሚያወራ ሁሉ የሚለው ነው።

አስተያየት የሚያነበው ሰው

በድሮው ቴአትር አስታዋሽ የሚባል ሰው ነበር፤ መጋረጃው ጥግ ተደብቆ ጽሑፉን እየተከተለ፣ ተዋናይ ሲጠፋው ቃል ያቀብላል። ያ ሰው በስልክ ዘመን ተመልሶ መጥቷል። ተዋናይ አስተያየቶቹን ራሷ እንድታነብ አትፍቀዱላት፤ ዓይኗ ወደ ታች ሲንከራተት ገጸ ባሕርይዋ ይበናል። በስክሪኑ ታችኛ ክፍል፣ አስተያየት በሚወርድበት ላይ፣ ወረቀት በፕላስተር ለጥፈን ሸፈንነው። እኔ በሁለተኛ ስልክ አነባለሁ፣ ከሚመጣው ሁሉ አንዱን መርጬ በወፍራም ማርከር ካርቶን ላይ ጽፌ ከስልኩ በላይ አነሣለሁ። የስድብ ቃላትን መተግበሪያው ራሱ እንዲያግዳቸው አስቀድማችሁ መዝግቧቸው፤ አማርኛው በተለያየ ሆሄ ስለሚጻፍ ሁሉንም አጻጻፍ አስገቡ። የሐመሩን «ሐ» እና የሃሌታውን «ሀ» ለይቶ የሚሳደብ የለም።

በልምምድ ጊዜም ተመልካች ይኑር። ለ12 ልምምዶች የጎረቤት ልጆችን ሌላኛው ክፍል አስቀምጠን ያሻቸውን እንዲጽፉ አደረግን፤ ሦስቱን ቀን ለስድብ ብቻ መደብን። ልጆቹ ያን ያህል ተደስተው አያውቁም።

ስጦታ ሌላው ፈተና ነው። ተመልካች በስክሪኑ ላይ ጽጌረዳ ይልካል፤ ብዙ ሠሪዎች ታሪኩን አቋርጠው «ለላክሽልን እናመሰግናለን» ይላሉ። ሰው በእንባ መካከል ሳለ! አዝማሪው ግንባሩ ላይ ብር ሲለጠፍበት ማሲንቆውን አያስቀምጥም። ምስጋና ካለ መጨረሻ ላይ ይሁን። በትኬት መሥራት የሚሻ በቴሌብር ከፍሎ በዝግ የቴሌግራም ቡድን እንዲገባ ማድረግ ይችላል፤ እኛ ግን በሩን ክፍት አደረግነው፣ ከዚህ ቀጥሎ በምነግራችሁ ምክንያት።

ሰዓቱን ስትመርጡ ማን እንዲመጣ እንደምትፈልጉ አስቡ። እኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የምንጀምረው በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ዕቃ አጥበው ክፍላቸው የሚገቡት ከዚያ ወዲህ ስለሆነ ነው። የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድመናል፤ ዋሽንግተን ላይ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። ቴአትር ቤት የመጨረሻው ደወል ከተደወለ በሩ ይዘጋል። ስልክ ላይ ግን በየደቂቃው ሰው ይገባል፣ በየደቂቃው ሰው ይወጣል፣ የገባውም «ይህ እውነት ነው?» ይላል።

ለዚህ አንድ ጽሑፍ ከላይ ሰካን፤ ሁልጊዜ ይታያል፦ «ይህ ተውኔት ነው። እናትየዋ ተዋናይ ናት። የምትነግሯት ካለ ጻፉላት፤ ልትሰማችሁ ትችላለች።» ልጆቹ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ተውኔት ነው ካልን ማን ያለቅሳል አሉ። በ22 ዓመት ውስጥ ትኬት ገዝቶ፣ የተዋናዩን ስም በፖስተር አንብቦ፣ መጋረጃ ሲከፈት አይቶ፣ ያም ሆኖ ስቅስቅ ብሎ ያለቀሰ ስንት ሰው ከመጋረጃ ቀዳዳ እንዳየሁ ነገርኳቸው። ደግሞም ጉዳዩ ቀልድ አይደለም፤ በእርግጥ የተቸገረች ልጅ አለች ብሎ ገንዘብ ለመላክ የሚነሣ ሰው ይኖራል። ያን ሰው ማታለል ነውር ነው። ጽሑፉ ተሰካ።

ሁለተኛው ቅዳሜ

ስንጀምር 41 ሰው ነበር፣ አሥረኛው ደቂቃ ላይ 130 ደረሰ። እኔ አልጋ ላይ ቆሜ ካርቶኑን ይዣለሁ። ሦስተኛው በር ላይ እናትየዋ ደመወዝ ደረሰሽ ወይ ብላ ትጠይቃለች፣ ልጅቷ ትዋሻለች። ከስልኩ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ እንደ ጽሑፉ «ደርሶኛል እማዬ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እልክልሻለሁ» አለች። እናትየዋም «ሰማሽኝ ወይ?» ብላ ጊዜ መግዛት ጀመረች። ስልኬ ላይ ልብና «እናቴን አስታወሳችሁኝ» የሚል ይወርዳል። ከመካከሉ ይህ መጣ፦ «እማማ አትመኗት። እኔም ለእናቴ እንዲሁ ነበር የምላት።»

ላሳያት ወይስ ልተወው? ታሪኩ የተሠራው እናትየዋ ሳታውቅ እንድትቀር ነው፤ መጨረሻው በዚያ ላይ ቆሟል። መድረክ ላይ ቢሆን ሙሉ ተውኔት የሚያፈርስ ሰው ከአዳራሽ አስወጥቼ አውቃለሁ። ጻፍኩት፣ አነሣሁት።

ተዋናይዋ አንዴ ወደ ካርቶኑ አየች። ስልኩ በእጇ ላይ ቀስ ብሎ ዘቀዘቀ፣ ግንባሯ ጠፍቶ አፏና የነጠላዋ ጥለት ብቻ ቀሩ። ቆጠርኩ፤ የመድረክ መሪ ልማድ ነው። 6 ሰከንድ። «ሰው ነገረኝ» አለች።

ከስልኩ ጀርባ ያለችው ካርቶኑን አላየችም። «ማን?» አለች፤ በራሷ ድምፅ እንጂ በገጸ ባሕርይዋ አልነበረም።

«እንዳንቺ እናቷን ስትዋሽ የኖረች።»

ልጅቷ ወዲያው ወደ ጽሑፉ ሮጠች፤ ደወል ተደወለብኝ፣ እመቤቴ ትጠራኛለች የሚለውን ከመጨረሻው ገጽ ላይ አምጥታ ተናገረች። ድምፅዋ ግን ተሰነጠቀ። እኛ ክፍል ውስጥ ከጨረሱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ምንም የሚወርድ አልነበረም። ቀጥሎ ያ ዝምታ ባሕሩን ተሻግሮ ደረሳቸው መሰለኝ፣ ስክሪኔ በአንድ ጊዜ ሞላ። ተመልካቾቹ እርስ በርስ መነጋገር ጀምረው ነበር፤ አንዷ ለአስተያየት ሰጪዋ «አሁን እውነቱን ነገርሻት ወይ?» ብላ ጻፈች። 25 ደቂቃ የታሰበው ሥራ በ17 አለቀ።

ስትጨርሱ ዝም ብላችሁ ሥርጭቱን አትዝጉ። ጭብጨባ የለም፤ ተመልካች ከታሪኩ የሚወጣበት ደረጃ ያስፈልገዋል። እኛ ተዋናይዋ ሻሿን ካሜራው ፊት ትፈታለች፤ የልጅቷን ድምፅ የሰጠችው ከጀርባ መጥታ አጠገቧ ትቀመጣለች፤ ሁለቱም እጅ ይነሣሉ። ከዚያ አምስት ደቂቃ አስተያየቶቹን ያለ ካርቶን ራሳቸው ያነባሉ።

ቅጂውን ምን እናድርገው የሚለው ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እኔ እንዲወጣ አልፈልግም። ልጆቹ ተከታይ የሚመጣው በቅጂ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለጊዜው «የሁለተኛው ቅዳሜ ቅጂ» ብለን ቀን ጽፈንበት እንለጥፋለን፤ ተመልካች ያየው አንድ ምሽት መሆኑን ይወቅ። ቅጂው ላይ በርካታ ሰው ለእናትየዋ ምክር ጽፎላታል። አልሰማቻቸውም።

በማግሥቱ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ሥርጭቱን ለካ ሳይነግረኝ አይቶታል። «ሴትየዋን እናንተ ናችሁ ያስቀመጣችኋት?» አለኝ። አይደለንም አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «መብራታችሁ መጥፎ ነው» አለና ዘጋው። መብራቱን ቀይረናል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሴትየዋ አልመጣችም፤ ወይም መጥታ ዝም ብላለች። ሦስተኛው በር ላይ ስደርስ የማነሣው ነገር አልነበረኝም። ተዋናይዋ ግን ስልኩን ቀስ ብላ አዘቀዘቀች፣ ወደ እኔ አየች፣ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ቃለ ተውኔት ተሻገረች። ከዝግጅቱ በኋላ ጽሑፉን አውጥቼ፣ በዚያ ቦታ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፦ ዝምታ፣ 6 ሰከንድ።